«ሮም በአንድ ቀን አልተገነባችም» ለምትሉን

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ሻይ አስቀዱና አንብቡት፣ ካልተመቻችሁም እለፉት፣ አልቀየምም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ 9ኛ ክፍል እያለች እንግሊዝኛ አስተምሬያታለሁ። 12ኛን ተፈትና አልመጣላትም፣ አሁን ሒርና ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። መልእክቷ አጭር ነው፦ «ቲቸር፣ ሰው ሁሉ ሮም በአንድ ቀን አልተገነባችም ይለኛል። እሺ፣ ስንት ቀን ፈጀች?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ምክንያቱም ይቺን አባባል ያስተማርኳት እኔ ነኝ! ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ከጎኑ «ትዕግስት ይኑርህ ማለት ነው» ብዬ አሰመርኩበት፣ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለስንት ዓመት እንደዚያ አስተማርኩ። አሁን ሳስበው ተሳስቻለሁ፣ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ሁሉ ይቅርታ። ትርጉሙ እሱ አይደለም፣ ቢያንስ ግማሹን ቆርጬ ነው የሰጠኋችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የራሴ ነው። እንደምታውቁት እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ መምህር ሲጠፋ ሃይስኩል ግባ ተብዬ የገባሁ ሰው ነኝ። ዲግሪዬን በክረምት ልማር ብዬ ከተመዘገብኩ ይኸው ሦስት ክረምት አለፈ። ዘንድሮ ስሜ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ አንድ ኃላፊ (ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም) ወንበሩን ወደኋላ ደገፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ ምን አለኝ መሰላችሁ? አዎ፣ እሱኑ። ሮም በአንድ ቀን አልተገነባችም አለኝ። እኔው ያስተማርኩትን አባባል እኔው ላይ! ከዚያ ስልኩ ጠራና አነሳው። እኔም ወጣሁ።

ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አባባሉን የጀመሩት ሮማውያን አይደሉም። በፈረንሳይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከተሰበሰቡ ምሳሌያዊ አነጋገሮች መካከል ይገኛል። እንግሊዝኛ ውስጥ የታወቀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጆን ሃይውድ የሚባል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የተረትና ምሳሌ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። መጽሐፉ ደስ ይላል፣ ተረቶቹን ዝም ብሎ አልደረደራቸውም፣ በጋብቻ ጉዳይ የሚመካከሩ ሰዎች ንግግር አድርጎ ነው ያቀናበራቸው። ድሃዋን ወጣት ላግባ ወይስ ሀብታሟን አሮጊት መበለት፣ ጉዳዩ ይሄ ነው። (የኛ አገር ሽማግሌዎች ቢያገኙት ይስቁ ነበር።) በየፌስቡኩ ደግሞ «...ግን በየሰዓቱ ጡብ ይደረድሩ ነበር» የሚል ጭራ ተቀጥሎበት በዚሁ በሃይውድ ስም ይዞራል። ጭራውን ሃይውድ አልጻፈውም፣ ኋላ የመጣ ነው። ሐሳቡ ግን ልክ ነው፣ እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ነው።

ልብ በሉ። «አልተገነባችም» የሚለው ቃል ውስጥ ግንባታ አለ። በአንድ ቀን አልተገነባችም ያለው ሰው፣ በብዙ ቀን ተገንብታለች እያለ ነው። እየሠራ ላለ ሰው የሚባል ነገር ነው! ልጄ ሆይ፣ ዛሬ የደረደርከው ትንሽ መስሎህ ተስፋ አትቁረጥ፣ ነገም ትደረድራለህ፣ ነው ነገሩ። አንድም ጡብ ያላነሳ ሰው፣ ጡቡን ተሸክሞ በር ላይ ለቆመ ሰው እንዲናገረው የተፈጠረ አባባል አይደለም።

ስለ ጡብ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ሳነበው በጣም ነው የገረመኝ። ሮማውያን ብዙ የሸክላ ጡቦቻቸው ላይ ጭቃው ሳይደርቅ ማኅተም ይመቱባቸው ነበር። ሁሉም ላይ አይደለም፣ ግን እጅግ ብዙ ላይ። ማኅተሙ ላይ አፈሩ የተቆፈረበት መሬት ባለቤት ስም ይኖራል፣ የሸክላ ሠሪው አለቃ ስም ይኖራል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዓመቱ። ዓመቱን የሚጽፉት በዚያ ዓመት ሥልጣን ላይ በነበሩት ሁለት ቆንስሎች ስም ነው። የ123 ዓ.ም. ማኅተም ያለባቸው ጡቦች እስከ ዛሬ በብዛት ይገኛሉ። የንጉሠ ነገሥቱ የማርቆስ ኦሬሊዮስ እናት ዶሚቲያ ሉኪላ የጡብ ማምረቻዎች ባለቤት ነበረች፣ የሷ ስም ያለባቸው ጡቦችም አሉ። የዘመኑ ተመራማሪዎች አንድ ግድግዳ መቼ እንደተሠራ ለማወቅ ጡቡን አውጥተው ማኅተሙን ያነባሉ።

ገባችሁ? ያቺ በአንድ ቀን አልተገነባችም የምትሉን ሮም፣ ጡቧ ላይ ማን እንደሠራውና መቼ እንደተሠራ ተጽፎባት ነው የተገነባችው። እኛን ታገሱ የምትሉን ሰዎች፣ የናንተ ጡብ የታለ? ማኅተሙስ? ቀኑስ?

ተማሪዬ ስንት ቀን ፈጀች ላለችው መልስ ልስጣት። ከተማ አያልቅም፣ ሮምም ገና አላለቀችም። ተረቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 753 ላይ ተቆረቆረች ይላል፣ እስከ ዛሬ ይቆፍሯታል ይጠግኗታል። እያንዳንዱ ሥራ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው። ኮሎሲየም የሚባለው ሃምሳ ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ከ70 ዓ.ም. በኋላ ተጀምሮ በ80 ዓ.ም. ተመረቀ። ዐሥር ዓመት አልሞላም። ያውም ያለ ክሬን መኪና፣ ያለ ሲኖትራክ። የመጀመሪያው የውሃ መስመራቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት 312 ላይ ተጀመረ፣ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ አብዛኛው በመሬት ውስጥ ነው የሚሄደው። ከዛሬ 2300 ዓመት በፊት ማለት ነው፣ ጀሪካን ይዛችሁ የምትሰለፉ ጎረቤቶቼ ይህን እንዳታነቡት። በርግጥ የብዙው ሥራ ጉልበት የባሪያና የምርኮኛ ነበር፣ እነሱን ትዕግስት አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሮምን እንደ ገነት አትቁጠሩልኝ። ደግሞ በ64 ዓ.ም. ከሳምንት በላይ ነዳለች፣ ብዙ ሰፈር ወድሟል። ለመገንባት ዘመናት፣ ለመፍረስ ቀናት።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የኛም ተረቶች በተመሳሳይ መንገድ ነው የተበላሹት።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። የውጭ ሰዎች ሳይቀሩ የኢትዮጵያውያን ተረት ብለው በየመጽሐፉ ይጠቅሱታል። ስንጠቀምበት ግን ምን ለማለት ነው? ዝም ብለህ ጠብቅ ለማለት። እስቲ ዶሮ ያሳደገ ሰው ይናገር! እናቴ ዶሮ ታስታቅፍ ነበር። የታቀፈች ዶሮ 21 ቀን ሙሉ ከእንቁላሉ አትነሳም፣ ለጥቂት ደቂቃ ወርዳ ጥሬዋን ለቅማ ውሃዋን ጠጥታ ትመለሳለች። እንቁላሉን በመንቁሯና በእግሯ እየደጋገመች ታገላብጠዋለች፣ ካላገላበጠችው ጫጩቱ ከቅርፊቱ ይጣበቃል። ትከሳለች፣ ላባዋ ይረግፋል፣ እጅህን ብታስገባ ትነክስሃለች። ቀስ በቀስ ማለት ይሄ ነው። 21 ቀን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንቁላል በእግሩ አይሄድም፣ ይገማል።

እዚሁ ጭሮ ገበያ ላይ በኦሮምኛ «ኦብሳን አናን ጎሮምሳ ዱጋ» ሲባል ትሰማላችሁ። የታገሰ የጊደር ወተት ይጠጣል ማለት ነው። ይህን ያለው ከብት አርቢ ነው፣ ከንፈር መጣጭ አይደለም። ጊደሯ ወተት እስክትሰጥ ማን ነው የሚያበላት? በበጋ ከዶባና ከሚኤሶ ቆላ ውሃ ፍለጋ ከብት እየነዳ የሚሄደው ማን ነው? ኮርማ ታገኛለች፣ ዘጠኝ ወር ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፣ ከዚያ ነው ወተቱ። ያ ሁሉ ዓመት ትዕግስተኛው ሰው ሳር ሲያጭድ ነው የከረመው። ሙስሊም ወንድሞቼም «ሰብር አድርግ» ሲሉ፣ ሸሆቹን ጠይቁ፣ መልካም ሥራ ላይ መጽናትም ሰብር ነው ይሏችኋል። ተቀመጥ ማለት ብቻ አይደለም።

ቡናም እንደዛው ነው። ገለምሶና በዴሳ አካባቢ ቡና የተከለ ገበሬ መጀመሪያ ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ችግኙን ከፀሐይ ከልሎ፣ አርሞ፣ አጠጥቶ። እና ይህን ሕዝብ ነው ትዕግስት የለውም የምትሉት? አንዳንዱ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ ብለው ይወቅሱታል። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፣ ዋጋውን ሌላ ሰው ይወስነዋል። ጫት በዓመት ተደጋግሞ ይቆረጣል፣ ብሩም እጅ በእጅ ነው። ጫት መልካም ነው እያልኩ አይደለም፣ ክፍሌ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ የሚጠፋብኝ ልጅ እሱ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ገበሬውን ትዕግስት አጣ አትበሉት። ሰውዬው ሒሳብ ሠርቶ ነው።

እሺ፣ እዚህ አካባቢስ በአንድ ቀን ያልተገነባ ነገር የለም? ሞልቷል። የምንኖርባት ከተማ ራሷ አንዷ ናት። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፣ በኋላ በጅሮንድ የሆኑት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ለሌላው አርአያ የሚሆን አውራጃ ላድርገው ብለው ተነሡ፣ ከተማዋን በዕቅድ ተከሉ፣ ለአስተዳደሩ ደንብ አወጡ። ሁሉንም አልጨረሱትም። ግን ጡቡ ላይ ስማቸው አለ፣ ብንወቅሳቸውም ብናመሰግናቸውም ማንን እንደምንጠራ እናውቃለን።

የባቡሩን ነገር ደግሞ እዩት። ከጅቡቲ ሐዲዱ መዘርጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1917። ሃያ ዓመት! ሮም በአንድ ቀን... ልትሉኝ ነው። ቆዩ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት የቆመው መሬቱ አስቸጋሪ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፣ ፈረንሳይ እንግሊዝና ጣሊያን መስመሩ የማን ይሁን ብለው ይነታረኩ ነበር። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ነው ሥራው የቀጠለው፣ ከዚያ ነው ሐዲዱ ወደኛ ቆላ፣ ወደ ሚኤሶ የመጣው። መዘግየቱ ባለቤት ነበረው ማለት ነው። ስም፣ ዕዳ፣ ክርክር ነበረው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እንኳ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2018 መጀመሪያ ነው። አንድ ነገር ሲዘገይ ጊዜ ይፈልጋል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ማን ጋ ነው የቆመው ብሎ መጠየቅ ነው ከባዱ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ፣ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4። እውነቱን ለመናገር ከ3.2 ወደ 8.4 መውጣት ቁጥር ያለው፣ ዓመት የተጻፈበት ነገር ነው። ጡብ ነው፣ አልክድም። ግን ያው ከመቶ ልጆች ዘጠና አንዱ ቀርተዋል። ለነሱ ነው ሮም የሚተረትላቸው።

ችግሩ 12ኛ ክፍል የተፈጠረ ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንዲት ቃል ማንበብ አቅቷቸው ተገኘ። አንዲት ቃል! እስቲ ዓመቱን ደምሩት። የዚያ ዘመን የ2ኛ ክፍል ልጅ 12ኛ የሚደርሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ማንም ሊደነግጥ አይገባም ነበር፣ መሠረቱ ሲዘለል ታይቷል፣ በወረቀት ተጽፏል። እኔ 9ኛ ክፍል ስቀበላቸው ፊደል እየቆጠሩ የሚያነቡ ልጆች አሉኝ። በ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ በሰባ ልጅ ክፍል፣ አባባል አስተምራለሁ። ሮም በአንድ ቀን አልተገነባችም፣ ትዕግስት ይኑርህ ማለት ነው። ከዚያ ደወል።

ለዚች ልጅ ትዕግስት ማስተማር ድፍረት ነው። 12 ዓመት በየቀኑ ክፍል ገብታለች፣ ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ሰብራ። የሷን ጡብ ደርድራለች። ከጎኗ መደርደር የነበረብን እኛ ነን፣ መምህሩም፣ ወላጁም፣ ኃላፊውም። እኔም ድርሻዬ አለበት፣ ከላይ ይቅርታ ያልኩት ለዚህ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ስነግረው ተቆጣኝ። «ልጆቹን ችኩል ልታደርጋቸው ነው፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?» አለኝ። ሰምቻለሁ። ደግሞ እውነቱን ነው፣ ዛሬ ቲክቶክ ከፍቶ ነገ ሚሊየነር ልሁን የሚል ልጅ አለ፣ ሦስት ቀን አጥንቶ ለምን አላለፍኩም የሚል አለ። ለሱ ሮምን ንገሩት፣ እኔም እነግረዋለሁ። ግን አንድን አባባል ለማን፣ መቼ፣ ማን እንደሚለው ካልለየን መድኃኒቱ መርዝ ነው። በእንግሊዝኛ ታጋሽና ታካሚ አንድ ቃል ናቸው፣ ሥሩ ላቲን ነው፣ መሠቃየት ማለት። ሐኪም ታካሚውን ቆይ ሲለው እጁ ላይ መርፌው አለ፣ ካርዱ ላይ ቀጠሮው ተጽፏል። ካርድ ሳይሰጥህ ቆይ የሚልህ ሰው ግን ሐኪም ሳይሆን ዘበኛ ነው።

ለልጅቷ የመለስኩላት ይሄን ሁሉ አይደለም፣ ኢንቦክስ ነው፣ የሞባይል ካርዷን አልጨርስባትም። ኮሎሲየም ዐሥር ዓመት አልፈጀም አልኳት። እንደገና በግል ለመፈተን መመዝገብ ትችያለሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጭሮ ስትመጪ እንግሊዝኛውን አብረን እንየው፣ ከሌሎቹ አስተማሪዎችም ሒሳብ የሚያግዝሽ አላጣም አልኳት። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብዬ ሰዓቱንም ጻፍኩላት። «እሺ ቲቸር፣ ሁለት ጓደኞቼም ይምጡ?» አለችኝ። ይምጡ።

የራሴን ጉዳይ ደግሞ ትናንት ተመልሼ ሄድኩ። ተራዬ መቼ እንደሆነ ስሜ ካለበት ዝርዝር ጋር ቀን ይጻፍልኝ አልኩ። ሰውዬው «ቀን መጻፍ የተለመደ አይደለም» አለኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ መዝገብ ቤት አስገባሁ፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ተመታበት፣ ቅጂውን ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ።